ከአልጋዬ በታች ያለ ተራራ

ዛሬ ልጽፍ የነበረው ስለ መሥሪያ ቤት ነው። ግምገማ ነበረን። አለቃዬ ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አደረገና "አንቺ እኮ እቅድ ላይ ጎበዝ ነሽ" ብሎኝ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላውን ሁሉ አፈጻጸም ምናምን እያለ ሲያሞግስ እኔ እቅድ ላይ ጎበዝ። ሙገሳ ነው ስድብ? ከአምባሳደር እስከ ለገሃር በእግሬ ስመጣ እሷን ቃል ሳላምጥ ነበር፣ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ እስክጨርስ አልጠበቀኝም፣ ቤት ስደርስ መብራት የለም፣ መብራት ከሌለ ሊፍት የለም፣ እኔ ደግሞ ሰባተኛ ፎቅ ነኝ።

ሻማ ፍለጋ ቁምሳጥን ውስጥ እጄን ስሰድ የመጣልኝ የግንባር ባትሪዬ ነው። የምን ባትሪ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አዎ፣ የፈንታሌ፣ መተሐራ አጠገብ ያለው፣ እወጣዋለሁ እያልኩ የማቅደው ተራራ። ሳቁ፣ ችግር የለም።

ግንባሬ ላይ አሰርኩትና ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ፣ 31 ፐርሰንት ቀርቶታል፣ የከፈትኩት የግምገማውን ነገር ሳይበርድ ልጽፍ ብዬ ነበር፣ ጣቴ ግን የፈንታሌን እቅድ የያዘችውን ፎልደር ነካ። አራት ዓመቷ ነው። ውስጧ የሳተላይት ፎቶ ስክሪንሾት፣ የካርታ ፎቶ፣ የውሃ ስሌት፣ የስንቅ ዝርዝር (ሦስት ጊዜ የተሻሻለ፣ የመጨረሻው ላይ በሶ ከጭኮ በልጧል)፣ ሁሉም አለ። ያልሄድኩት ብቻ ነው የጎደለው።

እቅዱ ራሱ እኮ መጥፎ አይደለም። ጫፉ ድረስ ወጥቶ መመለስ ሰው ያደርገዋል፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዞ በሌሊት ከተነሱ ይቻላል። እኔ የፈለግኩት ግን አፉን ዙሪያውን በጠርዙ መሄድ ነው። ፈንታሌ አናቱ ተቦርቡሯል፣ ጉድጓዱ 4.5 በ2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ የውስጥ ግድግዳው ቦታ ቦታው ላይ እስከ 500 ሜትር ይወርዳል። ከመስኮቴ የሚታየኝ የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው፣ ሁለቱን ብትደራርባቸው እንኳን ከዚያ ገደል አንገታቸውን አያወጡም። እና እኔ በዛ ጠርዝ ላይ በእግሬ ልሄድ ነው፣ እኔ፣ የባቡሩ ድልድይ ላይ ቆሜ ወደ ታች ማየት የማልወደው።

የዚህ ዓይነት ሸንተረር ችግሩ ካርታ ላይ ቆንጆ ሆኖ መታየቱ ነው። 1፡50,000 ካርታ ላይ በአንዱ የከፍታ መስመርና በሌላው መሃል 20 ሜትር አለ፣ ስለዚህ 15 ሜትር ቀጥ ያለ ገደል መስመሮቹ መሃል ተኝቶ ላይታይ ይችላል። ሜዳ ላይ ቢሆን ዞረሽ ታልፊዋለሽ። ሸንተረር ላይ ግን ግራም የለም ቀኝም የለም፣ አንዲት የተደበቀች ገደል ትበቃለች፣ ወይ በገመድ ትወርጃለሽ ወይ የመጣሽበትን ሁሉ ትመለሻለሽ። እሷን ለማግኘት ነው ስንት ሌሊት የሳተላይት ፎቶ ላይ ጥላ ስለካ ያደርኩት፣ ጠዋት የተነሳ ፎቶ ላይ ጥላው በድንገት ሰፋ ካለ እዛ ጋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለት ቦታ ጠርጥሬያለሁ። በቀይ አክብቤያቸዋለሁ። ቀይ ማክበብ ላይ ማንም አይደርስብኝም።

ድንጋዩ ደግሞ ባልጩት ይበዛዋል፣ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ነው፣ እጅ ለመያዝ የሚዘረጋው እሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ወፍራም የቆዳ ጓንት። ጓንቱንም ገዝቻለሁ። አሁን ምጣድ ሳወርድ ነው የምጠቀምበት። ገመዱስ? 60 ሜትር ነው፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተዋጥተን የገዛነው። እሱ ዲቪ ደርሶት ሄደ፣ ገመዱ እኔ ጋ ቀረ፣ አንድ ክረምት የልብስ ማስጫ ጠፍቶ በረንዳው ላይ ወጠርኩት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አንሶላ ተሸክሟል። ናይሎን ፀሐይ ሲመታው እየከረመ አቅሙ ይደክማል፣ አሁን ሰው ቢንጠለጠልበት ኃጢአት ነው። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም፣ ባለፈው ቪዲዮ ሲደውል ከኋላዬ አይቶት "አሁንም አለሽ!" ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

ሰዓቱንም አስልቻለሁ። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር አለ፣ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። መተሐራ ወደ 950 ሜትር ላይ ናት፣ ጫፉ 2,007፣ ስለዚህ ዳገቱ ከሺህ ትንሽ ያልፋል፣ መንገዱን 8 ኪሎ ሜትር ብለው ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ግን ሰውዬው ያሰበው ለስኮትላንድ ጭጋግ ነው፣ ለመተሐራ ሙቀት አይደለም፣ በዛ ላይ ለሰው 6 ሊትር ውሃ ማለት ጀርባ ላይ 6 ኪሎ ማለት ነው፣ ስለዚህ በሁለት አባዛሁት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ የትም ብሆን የትም ወደኋላ መመለስ። የመመለሻ ሰዓት ቀድሞ ካልተቆረጠ ጫፉ ሲታይሽ ታብጃለሽ ይላሉ የወጡት።

እና ዛሬ፣ በጨለማ፣ ይሄን 2,007 የምትለዋን ቁጥር ሳይ አንድ ነገር መታኝ። ራሴ ነኝ የጻፍኳት። አራት ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ። አዲስ አበባ ስንት ናት? 2,355 ሜትር ገደማ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ሃያ ሜትር ጨምሩ።

ተራራው እኮ ከአልጋዬ በታች ነው!

በጀርባዬ ተኝቼ ሳቅኩ። ልወጣው አራት ዓመት የተዘጋጀሁት ተራራ ጫፍ ላይ ባንዲራ ሰክዬ ብቆም፣ ለገሃር ጋ ቆሎ የሚሸጡት እትዬ ከኔ 350 ሜትር ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። ማን አጨበጨበላቸው? አራት ኪሎ የሚሮጠው የታክሲ ረዳት፣ ፒያሳ የፈረሰው ሰፈር ላይ ድንጋይ የሚያነጥፈው ልጅ፣ ሁሉም ከፈንታሌ በላይ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ተራራ ለመውጣት መጀመሪያ 1,400 ሜትር መውረድ አለብኝ፣ ከዛ ሺውን ወጥቼ፣ ጫፍ ደረስኩ ብዬ ፎቶ ተነስቼ፣ ወደ ቤቴ ለመመለስ እንደገና ዳገት። ተራራ ከእግሩ ነው የሚለካው ከባሕር አይደለም ብላችሁ ልታጽናኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ። ልክ ናችሁ። ግን የሆነ ነገር ቀነሰብኝ።

ወይም ጨመረብኝ፣ እንጃ። ምክንያቱም ወዲያው የመጣብኝ ያቺ ሌሊት ናት። 2017 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 26፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ (እኔ ለመነሻ የመረጥኳት ሰዓት!) አልጋው እንደ ጋሪ ተንገጫገጨ፣ ቁምሳጥኑ ተንኳኳ፣ አምፖሉ ሲወዛወዝ ቆየ። ጎረቤት ሁሉ ጋቢና ነጠላውን እየጎተተ ደረጃውን ወረደ፣ አምስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ እግዚኦ እያሉ፣ እኔም በባዶ እግሬ። ታች ብርድ ላይ ቆመን ሰው ሁሉ "የት ነው? የት ነው?" ሲል አውቄው ነበር። ከመስከረም ጀምሮ እዛ አካባቢ፣ ፈንታሌና ዶፋን የሚባለው ሌላው እሳተ ገሞራ መሃል፣ ከሥር የቀለጠ ድንጋይ መንገድ እየሰነጠቀ ሲሄድ መሬቱ ሲናጥ ነው የከረመው። የኔ ተራራ። እኔ እሱ ጋ ስላልሄድኩ እሱ እኔ ጋ መጣ፣ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ፣ ያለ ስካውት።

መጀመሪያ በሃሳቤ የመጣው ምን እንደነበረ ብናገር ሼም ነው፣ ግን የማስታወሻ ጥቅሙ ምንድነው። "የካቲት ልሄድ ነበር፣ ተበላሸብኝ" ነው ያልኩት። ያን ሳምንት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱ ተሰንጥቆ፣ ፍየሉን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ ከዛ አካባቢ ሲወጣ ነበር። እኔ ስክሪንሾቶቼን ነው ያዘንኩላቸው። ለነሱ እኮ ያ ቦታ በቀይ የሚከበብ ነገር አይደለም፣ ከብት የሚውልበት ነው፣ ቤት ነው።

ቆይ ግን ይሄ ተራራ እኔ ጋ መቼ ነው የገባው ብዬ ሳስብ አባዬ ትዝ አለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ምድር ባቡር ሠራተኛ እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ስንት ዓመት ከለገሃር ድሬዳዋ ተመላልሷል። ስምንት ዓመቴ ላይ ይዞኝ ሄደ። መተሐራ አጠገብ በመስኮት የማየው መሬት በሙሉ ጥቁር ሆነ፣ ልክ ምጣድ ላይ የተረሳ እንጀራ፣ የተሰነጣጠቀ፣ የተኮማተረ። "ማን አቃጠለው?" አልኩት። "ተራራው ነው፣ ቀልጦ ፈሶ" አለኝ። አሁን ሳነብ ያ ድንጋይ በ1820 እ.ኤ.አ. አካባቢ የፈሰሰ ነው፣ ያኔ ግን ትናንት የፈሰሰ ነበር የመሰለኝ፣ እግሬን ከወለሉ ላይ አነሳሁ። ከዛ ቀና ብዬ "ላዩ ላይ ምን አለ?" ስለው፣ አባዬ ወደ ተራራው ሳያይ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ፣ "ላዩ ላይ? ጉድጓድ ነው ያለው" አለኝ።

የሚያሾፍብኝ ነበር የመሰለኝ። ተራራ እንዴት ላዩ ጉድጓድ ይሆናል? ኩርፍ ብዬ አዋሽ ድረስ አላናገርኩትም።

ጉድጓዱን ያመንኩት ከስንት ዓመት በኋላ የሳተላይት ፎቶውን ሳይ ነው፣ ደነገጥኩ፣ ፎልደሩን የከፈትኩትም ያን ቀን ነው። ግን ዛሬ ማታ ነው፣ እስካሁን እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም፣ አባዬ በምን አወቀ? ከባቡር አይታይም እኮ። ከታች ሆነሽ ስታዪው ሙሉ ተራራ ነው፣ ጉድጓዱን ለማየት ወይ ከሰማይ ወይ ከጠርዙ ላይ መሆን አለብሽ። የአካባቢው ከብት አርቢዎች፣ ከረዩዎቹ፣ ነግረውት ይሆናል፣ ጣቢያው ላይ ወተት ሲሸጡለት። ወይስ አንድ ቀን ባቡር ተበላሽቶ መተሐራ ሲያድሩ፣ ወጣት እያለ፣ በሌሊት ተነስቶ...?

ለእማዬ ደወልኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ደንግጣ አነሳችው። "አባዬ ፈንታሌ ላይ ወጥቶ ያውቃል?" አልኳት።

"የት?"

"ፈንታሌ፣ መተሐራ ያለው ተራራ።"

ዝም አለች። ከዛ "አባትሽ ስንቱን ነገር ይነግረኝ ነበር ብለሽ ነው" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "አንድ ጊዜ ከዛ አገር ጫማው ተተልትሎ መጥቶ ነበር፣ አዲስ ጫማ፣ ምን ነካህ ስለው አልመለሰልኝም" አለች። "ምነው፣ ምን ሆንሽ? እራት በልተሻል?"

በልቻለሁ አልኳት። አልበላሁም።

ጫማው ተተልትሎ። እኔ እኮ ባልጩት ሶል እንዴት እንደሚበላ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ፣ ፎልደሩ ውስጥ አለ። እና እሱ በመሥሪያ ቤት ጫማ፣ ያለ ካርታ፣ ያለ 6 ሊትር፣ ማንም ሳያውቅለት? ወይስ እንዲሁ ሐዲድ ጥገና ላይ የተቆረጠ ጫማ ነው? ጠጠሩም እኮ ጫማ ይጨርሳል። ማንን ልጠይቅ? አብረውት የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ነው በሕይወት ያሉት፣ እሳቸውም ድሬ ናቸው፣ ጆሯቸው አይሰማም።

ድሬ ለመሄድ ያው በመተሐራ ነው። በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሲሄድ መንገዱን ከፍ እያደረጉ ነው የሠሩት፣ እሱን ማየትም አለብኝ። ቅዳሜ አውቶቡስ ብይዝ፣ እሑድ ሰውዬውን አግኝቼ፣ ጥያቄዎቹን አስቀድሜ በዝርዝር ብጽፋቸው፣ አንደኛ ጫማው፣ ሁለተኛ ዓመቱ... አዲስ ፎልደር ከፍቻለሁ። ስሙን "አባዬ" አልኩት።

ስልኬ 4 ፐርሰንት ሲል ቻርጀር ልሰካ ተነሳሁ፣ ፍሪጁ እየጮኸ ነው። መብራት መጥቷል እኮ። መቼ እንደመጣ እንጃ፣ ሳሎኑ ቦግ ብሎ በርቷል፣ እኔ ግንባሬ ላይ ባትሪ አብርቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ።