ቻው የማይለው ሰርቨር

ደብረ ብርሃን ላይ ነገር ሲዘገይ ጥፋተኛው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወይ ኔትወርክ ነው ወይ ብርዱ። ከ2700 ሜትር በላይ ላይ ለተቀመጠ ከተማ ብርዱ መቼም አይፈረድበትም። የስቶሩ ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ስክሪኑ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ዛሬም በርዷታል መሰለኝ» ይሉኛል።

ምዝገባውን በፕሮግራሙ ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም ተቀብሎ ወደሚመልሰው ኮምፒውተር ይልካሉ፣ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ አንድ ደቂቃ ያህል ድርቅ ይላል። የከነከነኝ ይሄ ነው። ኔትወርኩ ቢሆን ኖሮ መልሱም ይዘገይ ነበራ!

በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፈትኩ። ዳታው ሄዶ መልሱ ሲመለስ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ዝምታ። ፊን የምትባለው የግንኙነት መዝጊያ መልእክት ከሰርቨሩ የመጣችው ደቂቃው ካለፈ በኋላ ነው። ክላየንቱ (የጋሼ ፕሮግራም) ደግሞ መልሱ ማለቁን የሚያውቀው በእሷ ብቻ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዳታው የሚመላለስበት ደንብ፣ የቲሲፒ መዝጊያ እንደ ስልክ ስንብት ነው፤ ሁለቱም በየፊናቸው ቻው ማለት፣ የሌላውንም ቻው «እሺ» ብለው መቀበል አለባቸው።

ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ታይም ዌይት የሚባለውን ከመዝጋት በኋላ ያለ ቆይታ ነው። ሊነክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ 60 ሰከንድ ስለሆነ ቁጥሩም ይገጥማል። ግን እሱ የሚመጣው ሁለቱም ከተሰነባበቱ በኋላ፣ ቀድሞ የዘጋው ወገን ጋ ነው። ማንንም አያስጠብቅም፤ ስሙ በከንቱ ይነሳል።

ሰርቨሩ ላይ ኮኔክሽኖችን በምታሳየው «ኤስኤስ» በምትባለው ትዕዛዝ ሳይ ኮኔክሽኑ ገና ክፍት ነው። የያዘው ግን ዋናው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) ሳይሆን ልጁ! ምዝገባ በገባ ቁጥር ሰርቨሩ ፎርክ አድርጎ፣ ማለትም የራሱን ቅጂ እንደ ልጅ ወልዶ፣ የባክአፕ ስክሪፕት ያስነሳል። ልጅ ፕሮሰስ ደግሞ የአባቱን ክፍት ሶኬቶች (የኮኔክሽን ጫፎች) ይወርሳል። አባትየው ሶኬቱን ቢዘጋም፣ ወራሹ እስካልለቀቀ ድረስ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ፊን አይልክም። ባክአፑ አልቆ ልጁ ሲሞት ያኔ ትወጣለች።

ሶኬቱ ላይ «ክሎዝ ኦን ኤግዜክ» የሚባለውን ምልክት አደረግኩበት፤ አሁን ስክሪፕቱ ሲነሳ ውርሱ በራሱ ይዘጋል። «ሻትዳውን» የሚባለውን የመዝጊያ ትዕዛዝ መጥራትም ይሠራ ነበር፤ እሱ ቅጂውን ማንም ይያዘው ማን ፊኗን ይልካል።

የክላየንቱ ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። መብራት እልም ሲል ሰርቨሩ ቻው ሳይል ነው የሚጠፋው። የጋሼ ላፕቶፕ ግን ባትሪ አለው፣ ይጠብቃል። ዝም ያለ ወገን መኖሩን የሚያጣራው ኪፕ አላይቭ ቢበራ እንኳ ሊነክስ በነባሪው «አለህ ወይ?» ማለት የሚጀምረው 7200 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ሙሉ ዝም ከተባለ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ግልጽ ነው፦ መልሱ ርዝመቱን ፊቱ ላይ ይዞ ይምጣ፣ ክላየንቱም የሚጠብቅበት ገደብ ይኑረው።