ጃዝ በቤተ ክርስቲያን፣ ብሉዝ በፀጉር ቤት

ዋሽንግተን ዲሲ እንደመጣሁ ያገኘሁት ሥራ አንድ አረጋዊ ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነበር፤ ሆም ኬር የምንለው። ሰውየው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። እግራቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን እንደ ወጣት ነው። አንድ ቀን "አርብ ማታ ቤተ ክርስቲያን ታደርሺኛለሽ" አሉኝ። ነጠላዬን ደረብኩ፣ ዊልቸራቸውን ገፋሁ፣ ገባን። ከፊት ለፊት የቆሙት ግን መዘምራን አልነበሩም። ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ትልቁ ቤዝና ድራም ነበር።

ቦታው ደቡብ ምዕራብ ዲሲ የሚገኘው የዌስትሚኒስተር ፕሪስባይቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አርብ አርብ ማታ ጃዝ ያስደምጣሉ። ሰኞ ማታ ደግሞ የብሉዝ ነው። መግቢያው ከአንድ ሳህን ጥብስ ያነሰ ገንዘብ ነው። የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል፣ ሰው ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። እኔ አርብ ጾም ስለሆነ ዓሣውን አልበላም፣ ውሃ ይዤ እቀመጣለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ልቤ አልተቀበለውም። እኛ ያደግንበት ቤተ ክርስቲያን የራሱ ዜማ፣ የራሱ ከበሮና ጸናጽል አለው። ዘፈን ከግቢው ውጭ ነው የሚቀረው። መሠዊያ ባለበት ቤት ሳክስፎን ሲጮህ መስማት ከበደኝ። ቀና ብዬ ሰዎቹን ሳይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። አብዛኛው ሰው ሽማግሌና አሮጊት ነው፤ ኮፍያቸውን አሳምረው፣ ካልሲና ጫማቸውን አስማምተው የመጡ። ልጆቻቸው ርቀዋል፣ የኖሩበት ሰፈር በአዲስ ሕንፃ ተውጧል፣ ብዙዎቹ የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረዋል። ከሳምንት ሳምንት ከቤት የሚያወጣቸው ይህ ምሽት ነው። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ የምሳለምበት ሌላ ቤት አለኝ፤ ለእነሱ ግን ያ ምሽት ምን እንደሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ አከብራለሁ።

ከሁሉ የያዘኝ የክፍሉ ማነስ ነው። ተጫዋቹ ከመንፋቱ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ይሰማል። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅም ይሰማል። ሶሎ (አንዱ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት) ሲያምር ከአድማጩ መሀል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ተጫዋቹም ሰምቶ ይጨምርበታል። ካዛንቺስ ወይም ጎንደር አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዝማሪው "ተቀበል" ሲባል ከአድማጩ አፍ ስንኝ ይቀበላል፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ መልሶ ይሰጣል። እንደዚያ ያለው መቀባበል ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም፤ ድምፅ ማጉያው መሀል ይገባል።

ሰኞ ማታ ብሉዙን መስማት ስጀምር ደግሞ ሙዚቃው ራሱ እንግዳ አልሆነብኝም። ብሉዝ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሜዠር (እኩል የምት ክፍል) የሚመላለስ ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ በሦስተኛው ስንኝ መልሱን ያመጣል። ስንኙ ሲደገም አድማጩ የሚመጣውን ለመቀበል ይዘጋጃል። ዜማውም ቢሆን በብዛት የሚሄድበት የአምስት ድምፅ ስኬል (ቅኝት) ከእኛ ባቲ ማይነር ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሉት። አካሄዱና አወራረዱ ይለያያል፣ ብሉዝ ድምፁን በመሀል ያጎብጠዋል፣ እኛ በራሳችን መንገድ እናንቀጠቅጠዋለን። መሠረቱ ላይ ያሉት አምስቱ ድምፆች ግን አንድ ናቸው። ለዚህ ይመስለኛል አንዲት ከወሎ የመጣች ጓደኛዬን ይዣት ስሄድ የእንግሊዝኛውን ግጥም በደንብ ሳትከታተል ዓይኗ እንባ የሞላው።

ስለ ጆርጅታውኑ ብሉዝ አሊ ደግሞ ልናገር። ከዊስኮንሲን አቬኑ ገባ ብላችሁ፣ ቆሻሻ መጣያና የኋላ በር በሚበዛበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ድሮ የሠረገላ ማቆሚያ የነበረ የቀይ ጡብ ቤት አለ። ከ1965 ጀምሮ የጃዝ ቤት ነው፤ የሚይዘው ወደ 125 ሰው ገደማ ነው። ትራምፔት ነፊውን ዲዚ ጊሌስፒን የመሰሉ የጃዝ ሰዎች ተጫውተውበታል። ሙዚቃው ሲጀመር ወሬ ይቆማል፤ እዚያ ደንቡ ነው። ዋጋው ከቤተ ክርስቲያኑ ይወደዳል፣ ከትኬቱ በላይ ምግብ ወይም መጠጥ ማዘዝም ግዴታ ነው፤ ስለዚህ አስባችሁ ሂዱ።

እዚያ ቤት ስገባ ሁልጊዜ የማስባት ኢቫ ካሲዲን ነው። የሜሪላንድ ልጅ ነበረች፣ እንጀራዋን ለማግኘት የአበባና የችግኝ መሸጫ ውስጥ ትሠራ ነበር። ብሉዝ፣ ፎክ፣ ጃዝ፣ ጎስፔል ሁሉንም ትዘፍናለች። የሙዚቃ ካምፓኒዎች አንዱን ምረጪ ሲሏት አልመረጠችም። በጥር 1996 በዚህች ትንሽ ክፍል ሁለት ማታ ዘፈነች። የመጀመሪያው ማታ ቅጂ በቴክኒክ ችግር ሳይሆን ቀረ፣ የሁለተኛው ተረፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በካንሰር ዐረፈች፤ 33 ዓመቷ ነበር። ዓለም ያወቃት ከሞተች በኋላ ነው፣ በተለይ እንግሊዞች። ያን ማታ ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡት ጥቂት ሰዎች የሰሙትን ሚሊዮኖች ዘግይተው ሰሙት። ትልቅ ስም እስኪያወጣ ድረስ ማንንም አልሰማም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምነግረው የእሷን ታሪክ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የፀጉር ቤቱ ነው። አርቺ ኤድዋርድስ የሚባሉ የቨርጂኒያ ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ውስጥ ፀጉር ቤት ከፈቱ። ጊታርም ይጫወቱ ነበር፤ በፒድመንት ስልት፣ አውራ ጣት ቤዙን ሲመታ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን የሚለቅሙበት። ቅዳሜ ሲሆን ጊታር ያለው ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር። የብሉዝ ዘፋኙ ሚሲሲፒ ጆን ኸርትም ከመጡት አንዱ ናቸው። እኚህ ሰው በ1928 ሸክላ አስቀርጸው ተረሱ፣ ወደ ገጠር ተመልሰው እርሻ ላይ ኖሩ፣ በ1963 ፈላጊ መጥቶ አገኛቸውና ወደ ዋሽንግተን አመጣቸው። እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ድረስ በእርጅናቸው ዘመን ተደመጡ፣ በ1966 ዐረፉ። አርቺ ኤድዋርድስ በ1998 ሲሞቱ ወዳጆቻቸው ቅዳሜው እንዳይቀር ማኅበር አቋቋሙ። ፀጉር ቤቱ ያለበትን ቦታ ለቀው ወደ ሜሪላንድ ቢዛወሩም የቅዳሜ ከሰዓቱ ጨዋታ ቀጥሏል። ጀማሪም ሽማግሌም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ተራው የደረሰ ይጫወታል። የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ብታውቁ እንዴት ደስ ባለኝ!

የእኛም እጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ዩ ስትሪት ላይ፣ ደረጃ ወጥቶ የሚገባበት ትዊንስ ጃዝ የሚባል ቤት ነበር። ባለቤቶቹ ኢትዮጵያውያን መንትያ እህትማማቾች ናቸው። በ1987 በሌላ ሰፈር ጀምረው ወደ ዩ ስትሪት አመጡት፤ ወጥና እንጀራ እያቀረቡ ስንቱን ወጣት ሙዚቀኛ መድረክ ላይ አወጡ። በ2020፣ በኮሮና ዓመት፣ ተዘጋ። ሰፈሩ የታላቁ የጃዝ ሰው የዱክ ኤሊንግተን ሰፈር ነው። ኤሊንግተን በ1899 ዋሽንግተን ውስጥ ተወልደው ያደጉት እዚያው አካባቢ ነው። በ1973 አዲስ አበባ ሄደው ሲጫወቱ ንጉሠ ነገሥቱ ሸልመዋቸዋል፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሯቸው ነበር። የእሳቸው ሰፈር ልጆች ሙዚቃ ለዓመታት በሁለት የሐበሻ ሴቶች ቤት ተስተናግዷል። እኛ ግን፣ በየቀኑ ከዚያ በታች ቡና እየጠጣን፣ ስንቶቻችን ደረጃውን ወጣን? ይህ ይቆጨኛል። ሲዘጋ ያለቀሱት በአብዛኛው የእኛ ሰዎች አልነበሩም።

ወገኖቼ የሚሉኝን አውቃለሁ። ጊዜ የለም፣ ሁለት ሥራ ነው፣ ማታ ይደክማል። ታዲያ የእኛ ኮንሰርት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይጀምራል፣ ትኬቱም ቀላል አይደለም፣ እንሄዳለን፤ ደስም ይለናል፣ እኔም እሄዳለሁ። የአርቡ ምሽት ግን ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማታ ነው። ተጫውተው፣ ተቃቅፈው፣ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። ነገ ጠዋት ሽፍት ያለበት ሰው ሳይቸገር የሚገኝበት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት እንኳ ያለ አስተርጓሚ የምትደሰትበት ቦታ ነው። ዲሲ ውስጥ ከጎረቤቶቻችን ጋር፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ጋር፣ ያለ ሥራና ያለ ጉዳይ አንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥበት ሌላ ቦታ እኔ አላገኘሁም።

የማስታምማቸው አባት አሁን በሕይወት የሉም። ልጃቸው ለቀብሩ ስትደውልልኝ፣ ከአርብ ምሽቱ ተጫዋቾች ሁለቱ እንደሚመጡ ነገረችኝ፤ መጡም፣ ተጫወቱላቸውም።

ለመጪዎቹ ሳምንታት የምትሄዱ ካላችሁ፣ የአርቡንና የሰኞውን ተጫዋች የቤተ ክርስቲያኑ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ፤ ቦታና ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት ተመልከቱ። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ የፊቱ ረድፍ ቶሎ ይያዛል። ሜትሮው በአረንጓዴው መስመር ወተርፍሮንት ጣቢያ ያወርዳችኋል። ብሉዝ አሊ ለመግባት ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ። ወደ ፀጉር ቤቱ ማኅበር የቅዳሜ ጨዋታ ለሚሄድ ጊታር ወይም ሃርሞኒካ ካለ ይያዝ፤ ክራር ያለውም ክራሩን ይዞ ይምጣ። እኔ በዐቢይ ጾም አልሄድም፣ ከፋሲካ በኋላ ግን አርብ አርብ እዚያው ነኝ። መኪና የሌለው አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፍልኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ ሁለት ሦስት ሰው ማድረስ እችላለሁ።