ዝናብ ሲመጣ የሚያኮርፈው የበራችን መብራት

ኮተቤ ያለው የእናቴ ቤት የውጭ በር መብራት ዝናብ አይወድም። ሐምሌ ላይ ዶፍ በጣለ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል፤ ቤቱ ሁሉ ድርግም። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ብሬከሩን ሳነሳው ምንም እንዳልተፈጠረ ቦግ ይላል። እናቴ «ይኼ መብራት አመል አለው» ብላ ትታው ነበር።

ብሬከሩ ጥፋት የለበትም። ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ የሚቆርጠው ዓይነት ነው፤ 30 ሚሊአምፒር ከሸሸበት ይወርዳል። እርጥብ ሽቦ ለዚያ አያንስም።

አምና ተንኮሉ አጥሩ ላይ ያለችው ጃንክሽን ቦክስ፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙባት ሳጥን፣ መሆኗን ደረስኩበት። አንድ ሙሉ ሲሊከን ገዛሁ። ክዳኑን ዙሪያውን፣ ከታች ያሉትን ቀዳዳዎች፣ ሁሉንም ለቀለቅኩ። ኮራሁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ባሰበት።

ስንከፍታት ግማሽ ድረስ ውኃ ይዛለች። ጥግ ላይ ጉንዳን አፈር ቆልሏል። አንድ እንሽላሊት ደርቃ ሽቦው ላይ ቀርታለች። የሽቦው መጠቅለያ ናስትሮ ረጥቦ ተላቋል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን አየት አድርጎ ሳቀ። «ጋሼ፣ መግቢያውን ትተው መውጫውን ነው የደፈኑት።»

እውነቱን ነው። ገመዱ የሚመጣበት የፕላስቲክ ቱቦ ከአሸንዳው ሥር ተነስቶ በቦክሷ አናት ይገባል። አሸንዳው ሲሞላ ውኃው በቱቦው ውስጥ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ታችን ደፍኜ ጣሳ ሠራሁለት።

ኤሌክትሪሺያኑ የቀየራት አዲሷ ቦክስ አይፒ 65 የሚል ተጽፎባታል። 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፣ 5ቱ በጎማ የሚረጭ ውኃ ይችላል ማለት። ግን ቁጥሩ የሚሠራው የክዳኑ ጎማ በደንብ ከተቀመጠና ትርፍ ቀዳዳ ካልቀረ ነው። ገመዱ አሁን ከታች ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይመለሳል። ጠብታው እዚያው መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። መግቢያው ላይ ገመዱን አንቆ የሚይዝ ግላንድ አለ። ግላንድ በገመዱ ልክ ይገዛ፤ ቀጭን ገመድ በሰፊ ግላንድ ካስገባችሁ ለጉንዳን በር ከፈታችሁ።

የገረመኝ ግን ኤሌክትሪሺያኑ፣ የአይፒ ቁጥሩን ቢያጎድልበትም፣ ታች ላይ ሆን ብሎ 4 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ መብሳቱ ነው። ቀን ፀሐይ ታሞቃታለች፣ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ያቀዘቅዛታል። ውስጥ ያለው አየር ያኔ ያልበዋል፤ ዝናብ ባይገባም ውኃ ይጠራቀማል። ቀዳዳው ላይ ደቃቅ የሽቦ ወንፊት አለ፣ ነፍሳት እንዳይገቡ።

እህቴ «ፍሊት ንፉበትና ጉንዳኑ ይልቀቅ» ብላ ነበር። እንዳትሞክሩት! የሚነፋው መድኃኒት ብዙው ተቀጣጣይ ነው፤ ውስጡ ደግሞ 220 ቮልት አለ። ክዳኑን ከመንካታችሁ በፊትም ብሬከሩን አውርዱ፣ በቴስተርም አረጋግጡ። ቢቻል ለባለሙያ ተዉት። እኔ ሲሊከን ከያዝኩ ምን እንደማደርግ አይታችኋል።

ትናንት ማታ ዶፉ ወረደ። መብራቱ ቦግ እንዳለ አደረ። እናቴ ጠዋት ደውላ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አደረኮ! ቆጣሪው አይሮጥም?»