«ወደቀ» የተባለው አልበም

ዛሬ ምንም አልሆንኩም፤ እንዲሁ ደብሮኛል። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደምከፍት የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ፍሊትዉድ ማክ የተባለውን የሮክ ባንድ «ተስክ» አልበም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን። ከሱ በፊት የመጣው «ሩመርስ» ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ይሄኛው 4 ሚሊዮን አካባቢ ስለቀረ ወደቀ ተባለ። እንዲህ ያለውን ውድቀት ለእኔም ያድርግልኝ።

አብዛኛው ሰው በባንዱ ጊታሪስትና ዘፋኝ በሊንዚ በኪንግሃም ላይ ይፈርዳል። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በፈጀ ሥራ ላይ ሰውየው ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ይቀዳል፣ በሶፍት ካርቶን ከበሮ ይመታል። ለእኔ ግን የአልበሙ ጣዕም እዚያ ነው። ሴራሚክ ቀጭኑን ድምፅ ሳይውጥ ስለሚመልሰው ዘፈኑ ሻካራ ሆኖ ይወጣል፤ በምንጣፍና በስፖንጅ የታፈነ ስቱዲዮ ያንን አይሰጥም።

የባንዱ ከበሮ መቺ ሚክ ፍሊትዉድ ግን ለውድቀቱ የወቀሰው ሬዲዮን ነው። አርኬኦ (RKO) የሚባሉት የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች አልበሙን ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ከዳር እስከ ዳር አጫወቱት፤ ሰውም ከሬዲዮ በካሴት ቀዳው። ሰበብ ይመስል ነበር፤ ሒሳቡን ስሠራው ግን ያስኬዳል። የአልበሙ ሁለት ሸክላዎች ተደምረው 74 ደቂቃ ግድም ናቸው፤ ለአንዱ ሸክላ 37 ደቂቃ ማለት ነው። የ90 ደቂቃ ባዶ ካሴት በእያንዳንዱ ሳይድ 45 ይይዛል። አንደኛው ሸክላ ሳይድ ኤ ላይ ሁለተኛው ሳይድ ቢ ላይ ይገባና ክር ይተርፋል! የ60ውን ያስገባ 14 ደቂቃ ይቀርበታል። «አይቆረጥብኝ» ብሎ የ120ውን የገዛም አይቀናውም፤ ክሩ ስስ ስለሆነ ይለጠጣል፣ አለዚያም የቴፑ ጎማ ላይ ተጠምጥሞ መልሶ ለመጠቅለል እርሳስ ያስፈልገዋል። የ90ው ግን ለዚህ አልበም ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፦ የመጀመሪያው ሸክላ ሲያልቅ፣ ክሩ ቢተርፍም፣ ካሴቱን ወዲያው መገልበጥ። «እስኪያልቅ ልጠብቅ» ያለ ሰው ዘፈን መሀል ላይ ጧ ይልበታል።

ሸክላው ደግሞ 15 ዶላር ከ98 ሳንቲም ነበር። በዚያ ጊዜ! እኔም ብሆን የቴፑን መቅጃ፣ ሬኩን፣ ተጭኜ እጠብቅ ነበር።

ከዚያ ሲዲ መጣ። አንድ ዲስክ ላይ እንዲበቃ ተብሎ ከአልበሙ ዘፈኖች ከ6 ደቂቃ በላይ የነበረችው «ሳራ» ተቆርጣ ወደ 4 ደቂቃ ተኩል ወረደች፤ ለነጠላ ዘፈን የተዘጋጀችውን አጭሯን ተኩባት። እና በሬዲዮ የሰረቀው ሰውዬ ሙሉዋን ሳራ ይዞ ሲቀር፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲዲ የገዛው ጎዶሎዋን ወሰደ። ታዲያ «ተስክ»ን የገዛው የትኛው ነው?