ጋሼ ሆኜ ገባሁ፣ አባባ ሆኜ ወጣሁ

ዛሬ ለሒሳብ ሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር። ዕድሜዬ 52 ነው። ጡረታ በ60፤ ገና 8 ዓመት አለኝ። ጠያቂው ልጅ ሲቪዬን ገልብጦ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ፒችትሪ ትንሽ ትንሽ ይሞክራሉ?» አለኝ። ይሞክራሉ! እሱ ፊደል ሲቆጥር እኔ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ደመወዝ እሠራ ነበር። ዋጥ አደረግኩት። «ቡድኑ ወጣት ስለሆነ እንዳይከብድዎት ብለን ነው» ሲል ጨመረ። በአክብሮት ነው ደግሞ። ደረጃው ላይ ክንዴን ሊይዝ ሁሉ ዳድቶት ነበር።

ስወጣ ፕሪንተራቸው ወረቀት ነክሶ ልጆቹ ከበውታል። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ስቤ አወጣሁላቸው። «እናመሰግናለን አባባ!»

ማታ ልጄን «ፀጉሬን ልቀባው ይሆን?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።