ሁለቱም «ልክ ነኝ» ያሉ ሰርቨሮች

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ሕንፃ አለው፤ ላይኛውና ታችኛው። በየሕንፃው አንድ ሰርቨር ተቀምጧል። ሁለቱ ግላስተር ኤፍኤስ በሚባል፣ ፋይልን በብዙ ሰርቨር ላይ በሚያባዛ ሶፍትዌር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ላይ የገባ ፋይል እዚያው በዚያው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ሠራተኛው በየሕንፃው ባለው ሰርቨር በሳምባ (ፎልደርን በኔትወርክ በሚያጋራ ፕሮግራም) በኩል ይገባል፤ የሚያየው ግን አንድ ፎልደር ነው። ሲሠራ ደስ ይላል።

ሲስተሙን የገጠመው ድርጅት ሁለት ሰርቨር ይበቃል ብሎ ነበር። ግላስተር ግን በሁለት ቅጂ ብቻ ቮሊዩም (የጋራ ማከማቻ) ሲፈጠር ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ለስፕሊት ብሬን፣ ማለትም የአንድ ፋይል ቅጂዎች ተለያይተው የትኛው ልክ እንደሆነ ለማይታወቅበት ችግር ይጋለጣል፣ ልቀጥል ወይ ይላል። ዋይ (አዎ) ተጭነው አለፉት።

አንድ ቀን የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ሰዎች በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ፋይበር በጠሱት። ማንም ስልክ አልደወለም። ሁሉም በቅርቡ ባለው ሰርቨር ሥራውን ቀጠለ። አለቃችን እንኳን «ይኸው፣ ገንዘባችን ሥራ ሠራ» አሉ።

ጣጣው የመጣው ፋይበሩ ሲቀጠል ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተነኩት ፋይሎች ራሳቸው ተስተካከሉ። የንብረት መዝገቡ ኤክሴል ግን አልከፈት አለ። ሰርቨሩ ላይ ገብተን ስናየው ኢንፑት አውትፑት ኤረር ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሰርቨር ሲጠፋ ሌላው ከፋይሉ ጋር «ጓደኛዬ ይህ ለውጥ አምልጦታል» የሚል ምልክት ይይዛል። ሲገናኙ በዚያ ምልክት ያመለጠው ይሟላል። መዝገቡ ግን በሁለቱም ሕንፃ ተጽፎበታል። ስለዚህ ሁለቱም አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያመለጠህ» ይላሉ። ዳኛ የለም።

ግላስተር በትልቁ ፋይል፣ በኋላ በተቀየረው ወይም አንዱን ሰርቨር በመምረጥ ፍረዱ ይላል። ባልደረባዬ ትልቁን እንውሰድ አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ሁለቱንም ቅጂ ከየሰርቨሩ ዲስክ አውጥተን ለንብረት ክፍሏ ሴትዮ አሳየናቸው።

«ልጄ፣ ትንሹ ነው የኔ» አሉ። «ሁለቴ የተመዘገቡትን ወንበሮች እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው።»

«ትልቁስ?»

«እሱ ደግሞ ላይኛው ቤት የገቡትን ፕሪንተሮች የጻፉበት ነው። አደራ፣ እሱንም እንዳታጠፉት!»

የትኛውም ትእዛዝ ይህን አይፈታም። የፕሪንተሮቹን መስመር እሳቸው ራሳቸው በእጅ ወደ ትንሹ ገለበጡ። እኛ በአንዱ ሰርቨር ፈረድንና የተስተካከለውን መዝገብ በላዩ ጫንን።

ከዚያ ሦስተኛ ማሽን ጠየቅን። «ሦስተኛ ሰርቨር? በጀት የለም!» ተባልን። በሁለቱ መካከል ዳኛ የሚሆነው አርቢተር የሚባለው ሦስተኛ ማሽን ግን የፋይል ስምና ሜታዳታ (ስለ ፋይሉ የሚገልጽ መረጃ) ብቻ ስለሚይዝ ትልቅ ዲስክ አይፈልግም። መጋዘን ተጥሎ የነበረ ኮምፒውተር አራግፈን ላይኛው ሕንፃ አቆምነው። አሁን መጻፍ የሚቻለው ከሦስቱ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው። ፋይበሩ ከተበጠሰ ላይኛው ይሠራል፣ ታችኛው መጻፍ ይከለከላል። ታችኞቹ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም፤ ልክ ናቸው። ግን ከሁለት መዝገብ አንድ የተዘጋ በር ይሻላል ብዬ ተከራከርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኬብሉን ሆን ብለን ነቀልነው። ሴትዮዋ ከታችኛው ሕንፃ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሴቭ አላደርግም አለኝ!»

«እሰይ!» አለ ባልደረባዬ፣ ስልኩ ክፍት መሆኑን ረስቶ።