መዋጮ በስልክ፣ ለቅሶ በአካል

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እኔ በምኖርበት የጎንደር ሰፈር የዕድር መዋጮ በስልክ መላክ እየተለመደ መጥቷል። ይህን አልነቅፍም፤ ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ለሥራ ሲመላለስ የሚከርም ሰው፣ መዋጮ ለመክፈል ብቻ የእሑድ ዕረፍቱን ሊያጣ አይገባም። የሚያሳስበኝ፣ ገንዘቡ ሲደርስ እኛም አብረን የደረስን እየመሰለን መምጣቱ ነው።

ዕድር የገንዘብ ማኅበር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያመሸው ሰው ነው። በቅርቡ እናታቸውን ለቀበሩ አንዲት ጎረቤታችን፣ ድንኳኑ ተነሥቶ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው ማታ ማታ እየመጣች ቡና ታፈላላቸው ነበር። አቦሉን ዝም ብለው ይጠጡታል፤ ቶናው ላይ የእናታቸውን ነገር ያነሣሉ፤ በረካው ሲቀዳ ደግሞ አንዳንዴ ፈገግ ይላሉ። ያችን ልጅ አከብራታለሁ።

ጊዜ ማጣት እውነተኛ ችግር መሆኑን አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ጎረቤትን ግን አይጨምርም። ስለዚህ ለጎረቤት የምንደርሰው ከራሳችን ምሽት ቀንሰን ነው።

የዕድራችን ዳኞች መዋጮው በስልክ እንዲከፈል ሲፈቅዱ፣ ወርኃዊውን ስብሰባ ግን እንዳያስቀሩት የምለምናቸው ለዚህ ነው፤ ማን እንደታመመና ማን ከሥራ እንደወጣ የምንሰማው እዚያ ነውና።